ፎቶው ብዥ ሲል ጥፋቱ የእጅ ብቻ አይደለም

የሠርግ ወቅት ሲደርስ የደብረ ብርሃን ፎቶ ቤቶች የማያጡት ክርክር አለ። ሙሽሮቹ አልበም ሊረከቡ ይመጣሉ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ትልቁ ፎቶ ይገለጣል። የሙሽሪት ዓይን ትንሽ ብዥ ብሏል። ይኼኔ አንዱ ሚዜ ስልኩን ያወጣና «የኔ ስልክ እንኳ ጥርት አድርጎ አንስቷታል፤ እናንተ ያን የሚያህል ካሜራ ተሸክማችሁ ምን ነካችሁ?» ይላል። ባለ ፎቶ ቤቱም ወይ ረዳቱን ያያል፣ ወይ ካሜራውን።

ፍርዱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «እጁ አይረጋም» ይባላል፣ ወይ «ካሜራው አርጅቷል»። ሁለቱም አንዳንዴ ልክ ናቸው። ግን ብዙ ጊዜ ዋናው ምክንያት ሌላ ቦታ ነው፤ የካሜራው አሠራር ውስጥ። ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚቀርጸው ክፍል፣ ምን ያህል ይሰፋል? ውስጡ ምን ምን ይላወሳል? በምን ሁኔታስ ይያዛል? እነዚህ ነገሮች ከካሜራው ዋጋ ይልቅ ስለ ፎቶው ጥራት ብዙ ይናገራሉ።

ጉዳዩ አሁን የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ካኖንም ኒኮንም ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ አዲስ ባለ መስታወት ካሜራ፣ ማለትም ዲኤስኤልአር፣ አላወጡም። ዓለም ወደ ሚረርለስ፣ ማለትም መስታወት ወደሌለው ካሜራ፣ ዞሯል። ሥራ የሚጀምር ወጣት ደግሞ ሦስት መንገድ ከፊቱ አለ፤ ያገለገለ ዲኤስኤልአር፣ አዲስ ሚረርለስ፣ ወይም ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ። የቱ ይሻላል ለማለት መጀመሪያ ብዥታው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

እጃችን ሲንቀጠቀጥ ካሜራው ወደ ጎን የሚሄደው እምብዛም ነው። ይልቅ በጥቂቱ ይዞራል። ፎቶውን የሚያበላሸውም ይኸው መዞር ነው። ረጅም ዱላ ይዞ ግድግዳ ላይ አንዲት ነጥብ ሊያመለክት የሞከረ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ እጅ ላይ ኢምንት የሆነው ንቅናቄ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይገናል። ሌንስም በረዘመ ቁጥር እንደዚያው ነው።

እስቲ መንዝ ጓሳ ላይ ሆነን እንየው። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ነው፤ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው ፀሐይ እየሞቁ ሣር ይነጫሉ። አንድ ልጅ ካኖን ዲኤስኤልአር ላይ 200 ሚሊሜትር ሌንስ ገጥሞ ወንዱን ጭላዳ አነሣው። ፎቶው በተቀረጸበት ቅጽበት ካሜራው የአንድ ዲግሪ መቶኛ ብቻ ዞረ እንበል። ይህን ያህል መዞር ልጁ ራሱ አይሰማውም። ሴንሰሩ ላይ ግን ምስሉ 0.035 ሚሊሜትር ያህል ይንሸራተታል። የዚህ ዓይነቱ ካሜራ ሴንሰር ስፋቱ 22 ሚሊሜትር ግድም ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ከሆነ አንዷ ፒክስል፣ ማለትም የምስሉ ትንሿ ነጥብ፣ 0.004 ሚሊሜትር እንኳ አትሞላም። ስለዚህ በጭላዳው ዓይን ላይ የምታበራው ነጥብ ዘጠኝ ፒክስል ያህል ተጎትታ ትወጣለች።

አሁን ይህን ፎቶ ስልክ ላይ እንክፈተው። ስክሪኑ 7 ሴንቲሜትር ይሰፋል። መጎተቱ የአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ያህል ነው፤ የሰው ዓይን በወጉ አይለየውም። «ወይ ጉድ፣ እንዴት ያምራል!» ተብሎ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ያው ፎቶ በ60 ሴንቲሜትር ስፋት ታትሞ ሲሰቀል ግን መጎተቱ ወደ አንድ ሙሉ ሚሊሜትር ይጠጋል። ከግድግዳው ፊት የቆመ ማንም ሰው ያየዋል። ፎቶ ቤቱ ውስጥ የሚነሣው ጭቅጭቅ ግማሹ ከዚህ ይመነጫል። የሚዜው ፎቶ በመዳፍ ላይ ነው የተፈረደው፣ የስቱዲዮው ግን በግድግዳ ላይ።

ቀሪው ግማሽ ደግሞ የስልኩ ነው። የስልክ ዋናው ካሜራ ትክክለኛ የሌንስ ርዝመቱ 6 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በዚያው እጅ፣ በዚያው የዲግሪ መቶኛ ቢዞር ምስሉ ሴንሰሩ ላይ 0.001 ሚሊሜትር ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከአንድ ፒክስል ያነሰ ነው። ስለዚህ ስልኩ የረጋ ይመስላል። ግን ስልኩ ስለጎበዘ አይደለም፤ ሰፊውን ስላየ ነው። ከዚያው ቦታ ቆሞ ጭላዳውን ለማቅረብ ስክሪኑን በሁለት ጣት ቢዘረጉት፣ ሶፍትዌሩ መሐሉን ቆርጦ አሥራ ሁለት እጥፍ ያህል ያጎላል። መንሸራተቱንም አብሮ ያጎላል። ውጤቱ ከዲኤስኤልአሩ አይሻልም። ሌሎች ጉድለቶች ሲጨመሩበት እንዲያውም ይብሳል።

የድሮ ፎቶ አንሺዎች ለዚህ አንድ ሕግ ነበራቸው። ሹተር ስፒዱ፣ ማለትም ፎቶው የሚቀረጽበት ፍጥነት፣ ከሌንሱ ርዝመት በታች አይሁን ይላሉ። ለ50 ሚሊሜትር 1/50 ሰከንድ፣ ለ200 ሚሊሜትር 1/200 ሰከንድ። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ የተለካው ለአንድ ዓይነት ፊልም መሆኑ ነው። ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ገበያ ላይ ያወጣው ትንሽ ካሜራ ያስለመደው ባለ 24 በ36 ሚሊሜትር ፊልም፣ ዛሬ ፍል ፍሬም የምንለው መጠን ማለት ነው። ሴንሰሩ ሲያንስ ያንኑ ህትመት ለማግኘት የበለጠ ማጉላት ግድ ይላል። ስለዚህ ሕጉም መስተካከል አለበት። በብዛት በእጃችን ያሉት የኒኮንና የሶኒ ካሜራዎች ላይ በ1.5 ይባዛል፣ የካኖኖቹ ላይ በ1.6። ከላይ ያየነው ልጅ በ1/200 ሳይሆን ቢያንስ በ1/320 ማንሣት ነበረበት። ለግድግዳ ፎቶ ከሆነ እኔ ያንንም እጥፍ አደርገዋለሁ። ሕጉ የወጣው ሰው ሁሉ ፎቶውን ስክሪን ላይ መቶ በመቶ አጉልቶ በማያይበት ዘመን ነው።

ወደ ትልቅ ፊልም ስንሄድ ሕጉ በተቃራኒው ያሳስታል። ሃሰልብላድ ወይም ሮሌይፍሌክስ የሚባሉት የፊልም ካሜራዎች ላይ፣ 6 በ6 ሴንቲሜትር ፊልም ጋር፣ የተለመደው ሌንስ 75 ወይም 80 ሚሊሜትር ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው 1/80 ይላል። ሌንሱ የሚያየው ስፋት ግን ፍል ፍሬም ላይ 44 ሚሊሜትር ከሚያየው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ 1/45 አካባቢ ይበቃዋል።

ታዲያ ትልቅ ፎርማት፣ ማለትም ትልቅ ሴንሰር ወይም ፊልም፣ ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት ነው? አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የሠርግ የቡድን ፎቶ እናስብ። አባቶች ጥቁር በርኖሳቸውን ለብሰው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እናቶች ከኋላቸው፣ ሚዜዎች ደግሞ ከሁሉም ኋላ ቆመዋል። ሦስቱም ረድፍ ጥርት ማለት አለበት። ስልክ በኤፍ 1.8 ከፍቶ ይህን ያደርገዋል (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ ሌንሱ አጭር ስለሆነ ከፊትም ከኋላም ያለው ሁሉ ፎከስ ውስጥ ይገባል። ፍል ፍሬም ካሜራ ያንኑ ጥልቀት ለማግኘት እስከ ኤፍ 8 መጥበብ አለበት። የ6 በ6 ካሜራው ደግሞ እስከ ኤፍ 14 ግድም። ከኤፍ 1.8 ወደ ኤፍ 8 ሲሄዱ ብርሃኑ ሃያ እጥፍ ያህል ይቀንሳል። አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ካልተነካ፣ ስልኩ በ1/100 ያነሣውን ፍል ፍሬሙ በ1/5 ሰከንድ ያነሣዋል ማለት ነው። በ1/5 ሰከንድ ደግሞ ማንም እጅ አይረጋም። ከረጋም አባባ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ፎቶ አንሺው አይኤስኦውን ሃያ እጥፍ ከፍ በማድረግ 1/100ን ማስመለስ ይችላል። ሴንሰሩ ትልቅ ስለሆነ ይህን ይሸከማል። ግን የሚወጣው ኖይዝ፣ ማለትም ፎቶው ላይ የሚበተነው ነጠብጣብ፣ ከስልኩ ጋር ይቀራረባል። የትልቁ ካሜራ ጥቅም በቡድን ፎቶ ላይ ወዴት እንደጠፋ ግራ የሚገባው ሰው መልሱ ይኸው ነው። ትልቅ ፎርማት የሚክሰው ከሁለት አንዱ ሲገኝ ነው፤ ወይ በቂ ብርሃን፣ ወይ ጥልቀት የማይፈልግ ትዕይንት። ሙሽሪት ብቻዋን መስኮት አጠገብ ስትቆም ሌንሱን እስከ ኤፍ 2 ክፈቱት። ከኤፍ 8 ጋር ሲነጻጸር አሥራ ስድስት እጥፍ ብርሃን ይገባል። ያን ጊዜ ስልኩ አይደርስበትም።

አሁን ወደ ካሜራው ሆድ እንግባ።

ዲኤስኤልአር ውስጥ ከሌንሱ ጀርባ የቆመ መስታወት አለ። ቁልፉ ሲጫን ይዘላል፣ ከላይ ይመታል፣ ከዚያ ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ይከፈታል። የምንሰማው «ቀጭ» ከዚያ ነው። ምቱ ካሜራውን ለጥቂት ጊዜ ያርገበግበዋል። በ1/500 ሰከንድ ሲነሣ ጊዜው ስለሚያጥር ምቱ ብዙም አይታይም። በ2 ሰከንድ ሲነሣም ርግብግቡ ከጠቅላላው ጊዜ ትንሹን ብቻ ይይዛል። ክፉው መሐሉ ነው፤ ከ1/4 እስከ 1/30 ሰከንድ ያለው። ትራይፖድ ላይ ቢሆንም ከርግብግቡ አያመልጥም። ለዚህ ነው መስታወቱን አስቀድሞ የሚያነሣ ሴቲንግ ብዙ ካሜራዎች ላይ ያለው። በወጉ የሚጠቀምበት ሰው ግን ጥቂት ነው።

ፎርማቱ ሲያድግ መስታወቱም ያድጋል፣ ምቱም ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ፔንታክስ 6 በ7 በዚህ የታወቀ ነው። ካሜራው ድንቅ ፎቶ ያነሣል፤ መስታወቱ ሲዘል ግን አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ዞር ይላል። መጋረጃውም ትልቅ ነው። ይህ ደግሞ ሹተር ስፒዱን ራሱን ያስረዋል። የዚህ ዓይነት ሹተር ሁለት መጋረጃዎች አሉት። አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ተከትሎ ይዘጋል። መጋረጃው የሚያቋርጠው ፊልም ሲሰፋ መንገዱ ይረዝማል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ስለዚህ የፔንታክሱ ከፍተኛ ፍጥነት 1/1000 ሲሆን፣ ፍላሽ የሚሠራው ከ1/30 ሳያልፍ ነው። በአንጻሩ ኒኮን ኤፍኤም2 እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ፣ ከላይ ወደ ታች 24 ሚሊሜትር ብቻ የሚሮጥ ቀላል የታይታኒየም መጋረጃ ስለነበረው 1/4000 ሰከንድ ደርሷል። ፍላሹም በ1/200 ይሠራ ነበር።

ሃሰልብላድ 500ሲ ሌላ መንገድ መረጠ። ሹተሩን ሌንሱ ውስጥ አስገባው። ቀጫጭን ቅጠሎች ከመሐል ይከፈታሉ፣ ወደ መሐል ይዘጋሉ። ምታቸው ትንሽ ነው፤ ፍላሽም በሁሉም ፍጥነት እስከ 1/500 ይሠራል። መስታወቱ ግን እዚያው ነበር፤ እሱም የራሱን ያደርጋል። ሮሌይፍሌክስ የሚዘል መስታወት እንኳ የለውም። ለማያና ለማንሻ ሁለት የተለያዩ ሌንሶች አሉት፤ መስታወቱ በማያው ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ ይቆያል። ካሜራው ደረት ሥር ይያዛል፣ የአንገት ማሰሪያው ተወጥሮ ያግዘዋል፣ ከላይ ወደ ታች ይታያል። በእጅ ተይዘው በቀስታ ፍጥነት ለማንሣት ከተሠሩት ሁሉ እኔ ይሄኛውን አስቀድማለሁ። ዘመናዊ አይደለም፣ ውድም መሆን የለበትም። የሚመታ ነገር ስለሌለውና ሰውነት ላይ ስለሚያርፍ ብቻ ነው።

አያያዝን ከአሠራር መለየት አይቻልም። ስልክ ቀላል ነው፣ ክንድ ዘርግተን እንይዘዋለን፣ ከዚያም ስክሪኑን በጣት እንመታዋለን። ሦስቱም መጥፎ ነገሮች ናቸው። ከባድ ካሜራ በተቃራኒው ትንንሹን መርገብገብ ራሱ ይውጠዋል። ዓይን ላይ ሲደገፍ፣ ክርን ደረት ላይ ሲያርፍ፣ ሦስት ቦታ ይታሰራል። አንኮበር ላይ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ ወጥቶ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ከቆላው የሚነሣውን ጉም በተዘረጋ ክንድ ለማንሣት የሚሞክር ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። መጀመሪያ ይቀመጥ። ቢያንስ ስልኩን በሁለት እጁ ይያዝ፣ በድምፅ ቁልፉም ያንሣ።

ሚረርለስ መስታወቱን አስወገደ። ብዙ ሰው ችግሩ አለቀ ብሎ አሰበ። አላለቀም። ሴንሰሩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ፣ ቁልፉ ሲጫን መጋረጃው መጀመሪያ ይዘጋል፣ ከዚያ ለፎቶው ይከፈታል፣ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ካሜራው ቀላል ስለሆነ ምቱን የሚውጥ ክብደት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሶኒ ኤ7አር ለዚህ ትምህርት ሆነ። 36 ሜጋፒክስል ነበረው፤ መጋረጃው ግን በረጅም ሌንስ ያነሡትን ሰዎች አስለቀሰ። አብሮት የወጣውና ፒክስሉ ያነሰው ኤ7 የመጀመሪያውን መጋረጃ በኤሌክትሮኒክ መንገድ መክፈት ስለሚችል ከችግሩ ተርፏል። ዛሬ ይህ ሴቲንግ አብዛኞቹ ሚረርለሶች ላይ አለ። ካልተከፈተ መክፈት ነው።

ከዚያ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክሰው ማርጊያ መጣ። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1995 ለባለ መስታወት ካሜራ የሚሆን የመጀመሪያውን መንቀጥቀጥ የሚያስተካክል ሌንስ አወጣ። ሚኖልታ በ2003 ሌንሱን ትቶ ሴንሰሩን ራሱን አንቀሳቀሰ። ኦሊምፐስ በ2012 ሴንሰሩን በአምስት አቅጣጫ አስኬደው። እዚህ ላይ ትንሽ ፎርማት ይጠቅማል። ሴንሰሩ ቀላል ነው፣ የሚሄድበትም ርቀት አጭር ነው፤ ስለዚህ እጅን ማካካስ ይቀለዋል። ስልኮችም ከ2012ቱ ኖኪያ ሉሚያ 920 ጀምሮ ማርጊያ ይዘዋል።

አምስት ስቶፕ የሚያረጋ ካሜራ (አንዱ ስቶፕ ጊዜውን እጥፍ ያደርገዋል) ከላይ ያየነውን 1/320 ወደ 1/10 ሰከንድ ያወርደዋል። ወረቀት ላይ ተአምር ነው። ጓሳ ላይ ግን ነፋስ አለ። ድንጋዩ ጥርት ይላል፣ ሣሩ ይጎተታል፣ የወንዱ ጭላዳ ጋማ ደግሞ ጭስ ይመስላል። ማርጊያ የሚያረጋው ካሜራውን እንጂ የሚነሣውን አይደለም። የከተራ ሌሊት በጧፍ ብርሃን የቆሙ ሰዎችን ስናነሣም ያው ነው። «እማማ፣ እባክዎ ትንሽ ቀጥ ይበሉልኝ» ብለን 1/10 ላይ እንሞክራለን። እማማ ይቆማሉ፤ ከንፈራቸው ግን ይጸልያል። እስክስታ ላይ ደግሞ ከ1/250 በታች መሞከር ትርፉ ድካም ነው። የስልኮቹ የሌሊት ሴቲንግም ብዙ ፎቶ አከታትሎ አንሥቶ የሚያዋህድ ስለሆነ፣ ለቆመ ቤተ ክርስቲያን ግሩም ነው፣ ለሚወርብ ሰው ግን አይሆንም። እንዲህ ባለው ጊዜ የሚያዋጣው በሰፊው የሚከፈት ሌንስ እና አይኤስኦ የሚሸከም ሴንሰር ነው።

ካሜራው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ጭራሽ ከሌለስ? ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮኒክ የሆነ ሹተር አይመታም፣ አይጮኽም። ቅዳሴ ላይ ለማንሣት ለተፈቀደለት ሰው ድምፁ አለመኖሩ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋው ሌላ ነው። ሴንሰሩ ምስሉን ረድፍ በረድፍ ያነባል፤ እንደ ካሜራው ከ1/100 እስከ 1/15 ሰከንድ ሊወስድበት ይችላል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚሄድ ሚኒባስ መስኮት በስልክ ያነሣ ሰው አይቶታል፤ የመብራት ምሰሶው ሁሉ ተጋድሟል። ሹተር ስፒዱ 1/2000 ቢሆንም ይጋደማል። ከዚህ የተላቀቀው የመጀመሪያው ባለ ፍል ፍሬም ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2023 የታወጀው ሶኒ ኤ9 ሦስት ነው፤ ሁሉንም ረድፍ በአንዴ ያነባል። የዋጋውን ነገር አናንሣው።

አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዓይን አያየውም። ኤሌክትሮኒኩ ሹተር ግን ሙሽሪት ቬሎ ላይ ጥቁር ነጭ መስመር ያሰምርበታል። መድኃኒቱ 1/100 ወይም 1/50 ላይ ማቆምና ወደ መጋረጃው መመለስ ነው።

እንግዲህ ለሚገዛ ሰው፦ ሥራው ሠርግና ክርስትና ከሆነ፣ በደንብ የተያዘ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ከ85 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ጋር ከአዲስ ሚረርለስና በሰፊው ከማይከፈት ጨለማ ዙም ይሻላል ባይ ነኝ። ጓሳ ወጥቶ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚያነሣ ግን ማርጊያ ያለው ረጅም ሌንስ ላይ ገንዘቡን ቢያወጣ አይጸጸትም።

ከመክፈላችሁ በፊት ካሜራውን እንዲህ ፈትኑት። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በ1/15፣ በ1/60፣ በ1/125 ደጋግማችሁ አንሡት። መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስደግፋችሁ በሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ። ፊደሎቹን መቶ በመቶ አጉልታችሁ እዩ። ብዥታው በእያንዳንዱ ፎቶ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ከሆነ እጅ ነው። ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ብቻ ከተደራረበ፣ ካሜራው ተደግፎም ከቀጠለ፣ መስታወቱ ወይም መጋረጃው ነው። ካሜራውን በቁም አዙራችሁ ስታነሡ መደራረቡ ወደ ጎን ከዞረ ደግሞ ጥርጥር አይኑራችሁ።